ድሮ ይነዝር ነበር፣ አሁን ብሬከር ይጥላል፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ግቢ ጉዳይ

«ምጣዱ ድሮ ይነዝር ነበር እንጂ መብራት አያጠፋም ነበር። ይኼ ነገር ከተገጠመ ወዲህ ነው መከራችንን ያየነው። በል አውጣልኝ ልጄ።»

እንዲህ ያሉኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግቢ ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። «ይኼ ነገር» የሚሉት ቦርዳቸው ላይ የተገጠመውን፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ አይቶ የሚቆርጠውን ሊኬጅ ብሬከር ነው። እንጀራ ሊጋግሩ ምጣዱን ሲሰኩ ይወርዳል፣ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። ከእኔ በፊት የመጣ ሠራተኛ «ይሄ ብሬከር ለምጣድ አይሆንም፣ ቀጥታ ላገናኘው» ብሏቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። ሌላ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ነው በስልክ «ሌላ ሰው ሳያየው እንዳትነኩት» ያለው።

ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው ይህ አቤቱታ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ከቡሬም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከደጀንም ይኸው ነው የሚሰማው። ብዙ ቦታ መጨረሻው ብሬከሩ ይነቀላል፣ ምጣዱ ይቀራል። መሆን ያለበት ግን ግልባጩ ነው።

ግቢው ዋና ቤት አለው። ከኋላ ወለሉ አፈር የሆነ ማድ ቤት አለ። ከጎን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። በሩ ላይ አንድ አምፖል ይበራል። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ነው። የድሮው የመብራት ሥራ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር፦ ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ሶኬቶቹ የኤርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ቦታ ቢኖራቸውም ከኋላው ሽቦ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው የእማማ ሴት ልጅ ከተነዘረች በኋላ ነው። ባዶ እግሯን አክምባሎውን ስታነሳ ክንዷ የምጣዱን ላሜራ ነካ። ክፉኛ ነዘራት፣ ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ በፊትም ምጣዱ ትንሽ ትንሽ ይነዝር ነበር። መፍትሔው የታወቀ ነበር፦ የላስቲክ ጫማ አድርጎ መጋገር፣ ወይም እንጨት ላይ መቆም። ይህ በየቤቱ እንደ ብልሽት አይቆጠርም፤ የምጣድ ጠባይ ተደርጎ ነው የሚታየው። ልጅቷ ስትነዘር ግን ሌላ ከተማ ያለው ወንድሟ ደነገጠ። ባለሙያ ልኮ መሬት ውስጥ የኤርዝ ዘንግ አስቀበረ፣ ለሶኬቶቹ የኤርዝ ሽቦ አስዘረጋ፣ ቦርዱ ላይ 40 አምፔር የሚችል፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ሊኬጅ ብሬከር አስገጠመ። ጥሩ ሥራ ነው የተሠራው። ያልተሠራው ምጣዱ ነው።

ስለዚህ እማማ የነገሩኝ ነገር ራሱ ግማሽ ምርመራ ነበር። ድሮ ሲያፈስ የነበረው ኮረንቲ መሄጃው የጋጋሪዋ ገላ ነበር። አሁን መሄጃው የኤርዝ ሽቦው ሆኗል። ብሬከሩም ይህን አይቶ ይቆርጣል። ፍሳሹ አዲስ አይደለም፣ ያየው አልነበረም እንጂ።

ሊኬጅ ብሬከር ምን እንደሚቆጥር ካልታወቀ ሁሉም ነገር ይምታታል። ተራው ብሬከር የሚወርደው ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲሆን ነው። ሊኬጅ ብሬከር ስለ ጭነት ግድ የለውም። ጠዋት ከበረት የወጡትን ከብቶች ማታ ሲገቡ እንደሚቆጥር እረኛ ነው። በፌዝ የወጣው ኮረንቲ በኒውትራል ሙሉ ለሙሉ መመለስ አለበት። ከጎደለ በሌላ መንገድ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ጉድለቱ 30 ከመድረሱ በፊት፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 በላይ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጣል። 30 ሲሞላ ደግሞ ከ0.3 ሴኮንድ በላይ መዘግየት የለበትም።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል አነሰ? በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ የለኩት ነገር መልሱን ይሰጣል። ኮረንቲ የያዘ ሰው እጁን ማላቀቅ የሚያቅተው በአማካይ ለወንድ 16፣ ለሴት 10.5 ሚሊ አምፔር ላይ ነው። እኚሁ ሰው ናቸው በፈረንጆች 1961 ፍሳሽ አይቶ የሚቆርጠውን የአሜሪካ መሣሪያ የሠሩት። ምጣድ ሲሠራ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው፣ ማለትም 16,000 ሚሊ አምፔር። ሰውን የሚገድለው ከዚያ ላይ ሽርፍራፊዋ ነች። ተራ ብሬከር ይህችን ሽርፍራፊ ፈጽሞ አያያትም። «ቀጥታ ላገናኘው» የሚለው ሐሳብ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ቦርድ ከመክፈቴ በፊት ጠየቅኩ። መቼ ይወርዳል? ሲሰካ ወዲያው ነው ወይስ ሲግል? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል? ሌላ ዕቃስ? ጥያቄ መጠየቅ ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የተገኙት መልሶች ሦስት ናቸው። ምጣዱ እንደተሰካ ወዲያው ይጥላል። ሁለተኛ፣ አንዱ ተከራይ ተማሪ ፊሹን ገልብጦ ሲሰካው ብሬከሩ አንዳንዴ ሳይወርድ እንደሚይዝ ደርሶበታል። ሦስተኛውን የተናገሩት እማማ ናቸው፣ እንደ ቀላል ነገር፦ «ማታ ማታ ግን ተነቅሎም ይወርዳል።»

ሦስተኛውን ማንም ቦታ አልሰጠውም ነበር። ምጣዱ ተነቅሎ ከወረደ ጥፋተኛው ምጣዱ ብቻ አይደለም። እሱን ለጊዜው ይዘን ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

የእኛ አገር ክብ ፊሽ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሰካል። ሲገለበጥ ፌዝ የነበረው ጫፍ ኒውትራል ይሆናል። የምጣዱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሚግለው ክፍል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ነው። ቮልቱ በፌዙ ጫፍ 220፣ በኒውትራሉ ጫፍ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ፍሳሹ አንደኛው ጫፍ አካባቢ ከሆነ፣ ያ ጫፍ ፌዝ ላይ ሲውል ብዙ ያፈሳል፣ ኒውትራል ላይ ሲውል ትንሽ። እንግዲህ ተማሪው ሳያውቀው ብልሽቱ የት እንዳለ ጠቁሞናል፦ ገመዱ ከሚገባበት ብዙ የማይርቅ ቦታ። ፊሽ መገልበጥ መፍትሔ እንዳልሆነ ግን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ፍሳሹ እዚያው ነው፣ ተደብቆ ነው ያለው።

መጀመሪያ የግቢውን ዕቃ ሁሉ ነቀልን። ብሬከሩን ወደ ላይ አነሳነው፣ ያዘ። ብሬከሩ ላይ ያለውን «ቲ» የሚል የመፈተሻ ቁልፍ ስንጫነው ወረደ፣ ስለዚህ ብሬከሩ ራሱ ደህና ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ሰካን። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ ያዙ። ምጣዱ ጣለ።

ምጣዱን ነቅዬ ከፊሹ ላይ ለካሁ። መሣሪያው ሜገር ነው፤ 500 ቮልት ሰጥቶ የኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም ኮረንቲ እንዳያፈስ የሚከልለውን ነገር፣ ጥንካሬ ይለካል። ተራው መልቲሜትር በጥቂት ቮልት ስለሚለካ እርጥበት ያለበትን ዕቃ ደህና ነው ሊላችሁ ይችላል። የፊሹን ሁለት እግሮች አንድ ላይ አገናኝቼ ወደ ኤርዙ ስለካ 0.01 ሜጋ ኦም አለ። ይህ 10,000 ኦም ነው። 220 ሲካፈል ለ10,000፣ 22 ሚሊ አምፔር። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያለ ዕቃ ይጠረጠራል፤ ይሄ ከዚያ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። ለእማማ ቁጥሩን አሳየኋቸው። «ይኼን ነው እንዴ በእጃችን ስንይዘው የኖርነው?» አሉ። አዎ፣ ይህን ነው። የላስቲክ ጫማው ነው ያቆያቸው።

ከዚያ ገለበጥነውና የሥሩን ላሜራ ፈታን። ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ ሊጥ ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል። ሊጥ ከምጣዱ ጠርዝ ላይ በየጊዜው ይፈስሳል፣ ከላሜራው ጋር ይወርዳል፣ ገመዱ ጋ ይቆማል። የቦካ ሊጥ እርጥብ ነው፣ ኮምጣጣም ነው፣ ኮረንቲ ያሳልፋል። የገመዱ ላስቲክ በሙቀት ተቃጥሎ ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ሽቦ በስንጥቁ በኩል መዳቡ ይታያል። መዳቡና ላሜራው መካከል ያለው ያ ቅርፊት ብቻ ነው። በጣት ጥፍር ስፍቀው እንደ አሮጌ ቀለም ተላጠ፤ ሥሩ አሁንም እርጥብ ነበር።

ሸክላውም ንጹሕ አልነበረም። ምጣዱ የሚቀመጠው አፈሩ ወለል ላይ ነው፣ ያውም በነሐሴ። ሸክላ ውሃ ይመጥጣል። ሬዚስታንሱ የሚተኛበት ቦይ በጀሶ ተደፍኗል፤ ጀሶም እርጥበት ይይዛል። በጮቄ ሥር ባለ ከተማ ክረምት ላይ የማይረጥብ ነገር የለም።

ሥራው ራሱ ብዙ አልፈጀም። የተቃጠለውን ገመድ ቆርጠን ጣልን። ሙቀት የሚችል ሽቦና አዲስ የሸክላ ተርሚናል ገጠምን፣ መግቢያው ላይ ላሜራው ገመዱን እንዳይቆርጠው ማስገቢያ አደረግን። አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ከላሜራው ጋር በብሎን አጥብቀን አሠርን፣ ቀለሙንም ፍቀን። ሜገሩ 0.2 ሜጋ ኦም አለ። ከፍተኛው ፍሳሽ ወደ 1 ሚሊ አምፔር ወርዷል ማለት ነው። የቀረው እርጥበቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እርጥብ ምጣድ ለማድረቅ ተብሎ ያለ ብሬከር ይሰካል፣ «ሲግል ይተወዋል» ይባላል። አዎ፣ ሲግል ይተወው ይሆናል። እስኪግል ድረስ የሚነካው ሰው ግን አደጋ ላይ ነው። እኛ ሸክላውን ከነሬዚስታንሱ አውጥተን፣ ከምንም ሳይገናኝ፣ በእንጨት ምድጃው አጠገብ ፍም ባለበት ሙቀት አቆየነው፤ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥርም ወደ ውጭ። ተመልሶ ሲገጠም ንባቡ ከ5 ሜጋ ኦም በላይ ሆነ። ተሰካ፣ ጎመን ዘር ተቀብቶ እንደ አዲስ ተሟሸ፣ እንጀራው ወጣ። ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

ፊሹም ጠቁሮ ስለነበር ቀየርነው። ምጣድ ለአንድ ሶኬት የመጨረሻውን ጭነት ነው የሚጭነው፤ በዲቫይደር መሰካት የለበትም። ይህ የሊኬጅ ጉዳይ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው፣ ሆኖም ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ማታ ላይ ብሬከሩ ወረደ። ምጣዱ ተነቅሏል።

እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ ተስፋ ይቆርጣል፣ ሠራተኛውም «ብሬከሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይገላገላል። የእማማን ሦስተኛ መልስ ይዘን ስለነበር ግን አላስደነገጠንም። ትንንሾቹን ብሬከሮች በሙሉ አወረድን። ሊኬጅ ብሬከሩን አነሳነው። ተመልሶ ወረደ። ቤት ውስጥ አንድ አምፖል ሳይበራ! ቀን ላይ ይህንኑ ብናደርግ ግን ይይዛል።

መልሱ ኒውትራሉ ነው። ትንንሾቹ ብሬከሮች የሚቆርጡት ፌዝን ብቻ ነው። ኒውትራሎቹ ሁሉም ብሬከር ወርዶም እንደተያያዙ ናቸው። አንዱ ኒውትራል የሆነ ቦታ ላይ መሬት ከነካ የትንሹ ብሬከር መውረድ አያድነውም። ማታ የሚሆንበትም ምክንያት አለው። ሰፈሩ በሙሉ ምድጃና መብራት ሲያበራ፣ ከትራንስፎርመር ርቆ ያለ መስመር ላይ ኒውትራሉ ከመሬቱ በጥቂት ቮልት ከፍ ይላል። 3 ቮልት ሲካፈል ለ100 ኦም፣ 30 ሚሊ አምፔር። ጎረቤት ወጥ ሲሠራ የእማማ ብሬከር ይወርዳል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ግን ልኬቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ በቀን ብርሃን ዋናውን አጠፋን። በቴስተር ኮረንቲ አለመኖሩን አረጋገጥን። ከዚያ ኒውትራሎቹን ቦርዱ ውስጥ አብረው ከሚታሰሩበት ባር ላይ አንድ በአንድ ፈትተን እያንዳንዱን ወደ ኤርዝ ለካን። የዋናው ቤት መብራት ደህና፣ የማድ ቤቱ ደህና። ወደ ሰርቪሶቹና ወደ በሩ አምፖል የሚሄደው ላይ ሜገሩ ዜሮ አለ። በመልቲሜትር ሲታይ 100 ኦም አካባቢ ነው።

መስመሩ በጓሮው በኩል መሬት ለመሬት ይሄዳል። እዚያ ላይ የእማማ ጎመን ተተክሏል። መደቡን በጥንቃቄ ስንገልጥ ኬብሉ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ተገኘ፣ ያለ ቱቦ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን ዓይነት። የዶማ ምት አግኝቶታል። የውጭ ላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ የኒውትራሉ መዳብ አረንጓዴ ዝጎ ቀጥኗል፣ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። ፌዙም ላስቲኩ ላይ ተጭሯል። አንድ ምት ቢጨመር ጎመን የሚኮተኩት ሰው ፌዙን ያገኘው ነበር።

ያን ኬብል በጎማ ጠቅልሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ለዚያ እሺ አላልኩም። ከመሬት ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ክረምቱን አያልፍም። አዲስ ኬብል በቱቦ ውስጥ አስገብተን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገን፣ በመደቡ ሳይሆን በአጥሩ ጥግ አሳለፍነው። ለዚህ መስመር ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ብሬከር ተደረገለት። ሌላ ጊዜ ችግር ቢፈጥር ይህን ብቻ አውርዶ ቀሪውን ቤት ማብራት ይቻላል።

ኤርዙንም ለካነው፤ ደህና ነበር። ሰዎች «የእኛ መሬት ድንጋያማ ነው፣ ኤርዝ አይሠራም» ሲሉ እሰማለሁ። ለ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ስሌቱ ይቅር ባይ ነው፦ ዕቃው ላሜራ ላይ ማለፍ የሌለበት 50 ቮልት ሲካፈል ለ0.03 አምፔር፣ 1,666 ኦም ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ብሬከሩ ይቆርጣል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ግን ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ከዚያ በጣም ዝቅ ማለቱ ይመረጣል። የ«ቲ» ቁልፉም ስለ ኤርዝ ምንም አይነግራችሁም። የሚፈትነው ብሬከሩን ራሱን ብቻ ነው። ቢሆንም በየጥቂት ወሩ ተጫኑት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ይቀየር።

የእናንተ ቤት ጥፋተኛው ምጣድ ላይሆን ይችላል። ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ከሆነ፣ ሬዚስታንሱ ላይ ያለው የብረት ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፤ እሱ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ልብስ ማጠቢያ እያጠበ መሐል ላይ፣ ውሃ ማሞቅ ሲጀምር የሚጥል ከሆነ ጉዳዩ ያው ማሞቂያው ነው። ፍሪጅ እንደተሰካ ሳይሆን ሰዓታት ቆይቶ የሚጥል ከሆነ በረዶ የሚያቀልጠውን ማሞቂያ ጠርጥሩ። ወጥ የገነፈለበት የኤሌክትሪክ ምድጃም ከምጣዱ ጋር አንድ ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ አንድም የተበላሸ ዕቃ የለም፤ ብዙ ዕቃዎች ትንሽ ትንሽ ያፈሳሉ፣ ድምሩ 20 ይደርሳል፣ ካውያ ሲሰካ ሞልቶ ይፈሳል። ያኔ መስመሩን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ሊኬጅ ብሬከር መስጠት ነው።

እዚህ ግቢ ቀጣዩ ሥራ ይኸው ነው። ምጣዱ ከአፈሩ ተነስቶ በእንጨት መቀመጫ ላይ ሆኗል፤ ሲጸዳ ደረቅ ጨርቅ እንጂ እርጥብ አይነካውም። ማታ ብሬከሩ አይወርድም። አንዱ ክፍል ግን ባልዲ ውስጥ የሚነከር የውሃ ማሞቂያ ተገኝቷል፣ ሜገሩ 0.05 ሜጋ ኦም ያለው። ብቻውን ብሬከሩን አይጥልም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን ይጥላል፣ ባልዲው ውስጥ እጁን ለሚከት ሰውም አስተማማኝ አይደለም። ከተማሪው ጋር ተነጋግረን ማሞቂያው ተወግዷል። ሰርቪሶቹ የራሳቸው ሊኬጅ ብሬከር የሚገጠምላቸው ልጃቸው ለመስቀል ሲመጣ ነው።